የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር

የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር የአፍሪካ ኅብረት አባል ሀገራት መንግሥት የሚለወጠው በሕገ መንግሥት መሠረት በሚካሄድ ነፃ ምርጫ ብቻ እንዲሆን የተስማሙበት አህጉራዊ ውል ነው። ቻርተሩ ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዩዌሪ 30 ቀን 2007) በአዲስ አበባ በተካሄደው የኅብረቱ መሪዎች ጉባኤ ጸደቀ። በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 7 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2012) ነው። 11 ምዕራፎችና 53 አንቀጾች ያሉት ሲሆን እስካሁን ከ30 በላይ ሀገራት አጽድቀውታል።

ቻርተሩ መፈንቅለ መንግሥትን ከመከልከሉም በላይ፣ በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣን አልለቅም የሚልን መሪና በሥልጣን ለመቆየት ሲል ሕገ መንግሥት የሚያሻሽልን መንግሥት ጭምር እንደ ጥፋተኛ ይቆጥራል። በተግባር ሲታይ ግን ውሉ ወታደርን በመቅጣት ጠንካራ፣ ሕገ መንግሥት ቀይሮ የሚቆይን ፕሬዚዳንት በመገሠጽ ደካማ ሆኖ ቆይቷል። ውሉ ውጤት ባስገኘባቸው ሀገራት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ተገናኝተዋል፤ እነሱም በሀገር ውስጥ የተደራጀ የሲቪል ማኅበረሰብና ቃሉን ለመፈጸም የተዘጋጀ ጎረቤት ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካዊ አመጣጥ

በ1963 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ በሌላው ሀገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት ነበር። አዲስ ነፃ ለወጡ ሀገራት ይህ መርህ ትልቅ ዋስትና ነበር። ሆኖም ሌላ ውጤትም ነበረው፤ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ መኮንን በቀጣዩ ጉባኤ ከሌሎች መሪዎች ጎን ይቀመጥ ነበር።

ይህ አሠራር መለወጥ የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በሜይ 1997 በሴራሊዮን ወታደሮች በምርጫ ሥልጣን የያዙትን ፕሬዚዳንት አህመድ ቴጃን ካባን ሲያስወግዱ የአፍሪካ መሪዎች ድርጊቱን በግልጽ አወገዙ። በሚቀጥለው ዓመት በናይጄሪያ የሚመራው የምዕራብ አፍሪካ ጦር ካባን ወደ ሥልጣናቸው መለሳቸው። በ1999 በአልጀርስ፣ በ2000 ደግሞ በሎሜ የተካሄዱት ጉባኤዎች ጉዳዩን የአህጉሩ ደንብ አደረጉት። የሎሜው መግለጫ «ሕገ መንግሥታዊ ያልሆነ የመንግሥት ለውጥ» የሚባለው ምን እንደሆነ ዘርዝሮ አስቀመጠ። በዚያው ጉባኤ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሰነድም በአንቀጽ 30፣ ሕገ መንግሥታዊ ባልሆነ መንገድ ሥልጣን የያዘ መንግሥት በኅብረቱ ሥራ እንደማይሳተፍ ደነገገ።

ከአህጉሩ ክፍሎች ቀድሞ የራሱን ዝርዝር ሕግ ያወጣው የምዕራብ አፍሪካ ሀገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ነው። ይህ ድርጅት በዲሴምበር 2001 በዳካር የዴሞክራሲና የመልካም አስተዳደር ፕሮቶኮሉን ተቀበለ። ፕሮቶኮሉ ምርጫ ሊካሄድ ስድስት ወር ሲቀረው አብዛኞቹ የፖለቲካ ተዋናዮች ካልተስማሙ በቀር የምርጫ ሕግን በመሠረታዊ ሁኔታ መለወጥን ይከለክላል። ከአምስት ዓመት በኋላ የጸደቀው አህጉራዊ ቻርተር ከእነዚህ ቀደምት ሰነዶች ብዙ ሐሳብ ወስዷል።

ተመሳሳይ ውሎች በሌሎች አህጉሮችም አሉ። የአሜሪካ መንግሥታት ድርጅት የዴሞክራሲ ቻርተሩን ያጸደቀው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሲሆን፣ በ2009 ሆንዱራስን ከመፈንቅለ መንግሥት በኋላ አግዷታል። የአውሮፓ ኅብረትም በውሉ አንቀጽ 7 መሠረት የኅብረቱን መሠረታዊ እሴቶች የጣሰን አባል የድምፅ መብት ማገድ የሚያስችል ሥርዓት አለው።

ዋና ዋና ድንጋጌዎች

አንቀጽ 23፦ ሕገ መንግሥታዊ ያልሆነ የመንግሥት ለውጥ

የቻርተሩ ልብ ይህ አንቀጽ ነው። አምስት ድርጊቶችን ይዘረዝራል፦

1. በምርጫ ሥልጣን የያዘን መንግሥት በመፈንቅለ መንግሥት ማስወገድ፤
2. በቅጥረኛ ወታደሮች ማስወገድ፤
3. በታጣቂ ተቃዋሚዎች ወይም በአማፂያን ማስወገድ፤
4. በሥልጣን ላይ ያለ መንግሥት ነፃና ፍትሐዊ በሆነ ምርጫ ላሸነፈው ወገን ሥልጣን ለማስረከብ እምቢ ማለት፤
5. የዴሞክራሲያዊ ሥልጣን ሽግግርን መርህ በሚጥስ ሁኔታ ሕገ መንግሥትን ወይም ሕግን ማሻሻል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ድርጊቶች ከሎሜ መግለጫ የመጡ ናቸው። አምስተኛው የቻርተሩ አዲስ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ከቤተ መንግሥት ውጭ ያለውን ኃይል ሲመለከቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ይመለከታሉ።

አንቀጽ 24 እና 25፦ ቅጣት

ጥሰት ሲፈጸም ጉዳዩን የሚይዘው የኅብረቱ የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ በመጀመሪያ በዲፕሎማሲ ይሞክራል፤ ካልተሳካ ሀገሪቱን ከኅብረቱ ሥራ ያግዳል። የታገደች ሀገር ግን ከግዴታዋ፣ በተለይም ሰብአዊ መብትን ከማክበር ግዴታዋ ነፃ አትሆንም። በአንቀጽ 25 መሠረት የመፈንቅለ መንግሥት ፈጻሚዎች ሥርዓቱን ለመመለስ በሚካሄደው ምርጫ መወዳደር አይችሉም፤ በኅብረቱ ፍርድ ቤትም ሊዳኙ ይችላሉ። ጉባኤው የኢኮኖሚ ማዕቀብ የመጣል ሥልጣንም አለው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ወንጀል በአህጉር ደረጃ ለመዳኘት የታሰበው፣ በ2014 በማላቦ የጸደቀው ፕሮቶኮል በሥራ ላይ አልዋለም።

የሲቪል ማኅበረሰብ ቦታ

አንቀጽ 12 አባል ሀገራት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በሕግ አግባብ ተቋቁመው እንዲሠሩ ምቹ ሁኔታ እንዲፈጥሩ፣ የሲቪክ ትምህርትንም በትምህርት ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ያዛል። አንቀጽ 28 በመንግሥት፣ በሲቪል ማኅበረሰብና በግሉ ዘርፍ መካከል ጠንካራ ትብብርና ውይይት እንዲኖር ይጠይቃል። አንቀጽ 49 ደግሞ እያንዳንዱ ሀገር በየሁለት ዓመቱ ስለ አፈጻጸሙ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሪፖርታቸውን በጊዜው ያቀረቡት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የሲቪል ማኅበረሰብ በተግባር የሚያደርገው አስተዋጽኦ

አህጉራዊ ውል በራሱ ዓይንና ጆሮ የለውም። አዲስ አበባ ወይም አቡጃ የሚሰበሰቡ አምባሳደሮች ውሳኔ ለመስጠት በአንድ ሀገር ውስጥ ምን እንደተፈጸመ ማወቅ አለባቸው። ጉዳዩ የሚመለከተው መንግሥት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው የራሱን ታሪክ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞሉት በዋናነት በሦስት መንገድ የሚሠሩ የዜጎች ድርጅቶች ናቸው።

የምርጫ ውጤትን ማረጋገጥ

በብዙ የአፍሪካ ሀገራት የሀገር ውስጥ ታዛቢዎች ትይዩ የድምፅ ቆጠራ የሚባል ዘዴ ይጠቀማሉ። ዘዴው በስታቲስቲክስ ናሙና ላይ የተመሠረተ ነው። ከሀገሪቱ የምርጫ ጣቢያዎች መካከል የተወሰኑት በዕጣ ይመረጣሉ፤ በእያንዳንዱ አንድ የሠለጠነ ታዛቢ ይመደባል። ቆጠራው ሲያልቅ ታዛቢው በጣቢያው በይፋ የተገለጸውን ቁጥር በስልክ መልእክት ወደ ማዕከል ይልካል። ጣቢያዎቹ በዕጣ እስከተመረጡ ድረስ ከአጠቃላዩ ትንሽ ክፍል የሆነ ናሙና የመላ ሀገሪቱን ውጤት በጠባብ የስሕተት ወሰን መገመት ይችላል።

በጋና የሀገር ውስጥ ምርጫ ታዛቢዎች ጥምረት (ኮዴኦ) በ2008 ይህን ዘዴ ተጠቅሟል። ሀገሪቱ ከ20 ሺህ በላይ የምርጫ ጣቢያዎች ሲኖሯት ጥምረቱ የተከታተለው አንድ ሺህ ያህሉን ነበር። በሁለተኛው ዙር ጆን አታ ሚልስ ናና አኩፎ-አዶን ያሸነፉት በ40,586 ድምፅ ብልጫ፣ ማለትም በ50.23 በመቶ ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ልዩነት ናሙና ብቻውን አሸናፊውን ለይቶ ማወቅ አይችልም። ማድረግ የሚችለው ይፋዊው ቁጥር በሚጠበቀው ወሰን ውስጥ መሆኑን ማሳየት ነው። ቁጥሩ ከወሰኑ ከወጣ በመካከል አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። ገለልተኛ የሆነ ሁለተኛ ቁጥር መኖሩ ውጤትን ለመለወጥ የሚያስብን ሰው ያስጠነቅቃል፤ ለተሸናፊው ወገንም ውጤቱን ለመቀበል ምክንያት ይሰጠዋል።

አስቀድሞ ማስጠንቀቅ

በ1998 የተመሠረተውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአክራ የሚገኘው የምዕራብ አፍሪካ የሰላም ግንባታ መረብ (ዋኔፕ) ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከኢኮዋስ ጋር በመተባበር የግጭት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያካሂዳል። በየሀገሩ ያሉ አባላቱ የሚሰበስቡት መረጃ ለድርጅቱ ውሳኔ ሰጪዎች ይደርሳል። የመንግሥታት ድርጅት ከዜጎች ማኅበር መረጃ ለመቀበል በውል መስማማቱ በራሱ ያልተለመደ ነገር ነበር።

ድንበር ተሻጋሪ የወጣቶች ትብብር

በሴኔጋል በ2011 በሙዚቀኞችና በጋዜጠኞች የተመሠረተው «ያን ናማር» (በቃን እንደማለት ነው) የተባለው ንቅናቄ፣ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ የምርጫ ሥርዓቱን ለመለወጥ ያቀረቡትን ረቂቅ ከሌሎች ጋር ሆኖ በመቃወም ረቂቁ እንዲነሣ አድርጓል። በ2013 በቡርኪና ፋሶ «ባሌ ሲቷያ» (የዜጎች መጥረጊያ) የተባለው ንቅናቄ በሙዚቀኞቹ ስሞኪ እና ሳምስ ካ ለ ጃ ግንባር ቀደምነት ተመሠረተ። የሁለቱ ሀገር ወጣቶች ልምድ ይለዋወጡ ነበር። በማርች 2015 የሁለቱ ንቅናቄዎች አባላት በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ «ፊሊምቢ» (ፊሽካ) የተባለ አዲስ የወጣቶች ንቅናቄ ሲመሠረት ለመገኘት ኪንሻሳ ሄደው ታሥረዋል። መንግሥታት ውል ሲፈራረሙ ዜጎችም በራሳቸው መንገድ የተዋዋሉ ይመስላል።

ውሉ የሠራባቸው አጋጣሚዎች

ቡርኪና ፋሶ፣ 2014 እና 2015

ብሌዝ ኮምፓዎሬ ከ1987 ጀምሮ ቡርኪና ፋሶን መርተዋል። በ2014 የሥልጣን ዘመንን የሚገድበውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37 ለማሻሻል ረቂቅ አቀረቡ። ድርጊቱ በቻርተሩ አንቀጽ 23 አምስተኛ ቁጥር የሚሸፈን ቢሆንም ያስቆመው የኅብረቱ ውሳኔ አልነበረም። ኦክቶበር 30 ቀን ምክር ቤቱ ድምፅ ሊሰጥ ሲል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በዋጋዱጉ አደባባይ ወጣ፤ የምክር ቤቱ ሕንፃ ተቃጠለ። በማግስቱ ኮምፓዎሬ ሥልጣን ለቀው ከሀገር ወጡ።

የሽግግሩ መንግሥት ምርጫ ሊያካሂድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2015፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ልዩ ዘብ ወታደሮች የሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ ገብተው የሽግግሩን ፕሬዚዳንት ሚሼል ካፋንዶንና ጠቅላይ ሚኒስትሩን አሠሩ። ጄኔራል ጊልበርት ዲየንዴሬ ሥልጣን መያዛቸውን አወጁ። የአፍሪካ ኅብረት በሁለተኛው ቀን ሀገሪቱን አገደ፤ በመሪዎቹም ላይ የጉዞና የንብረት እገዳ ለመጣል ወሰነ። የሠራተኛ ማኅበራት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠሩ፤ ወጣቶች መንገድ ዘጉ።

ከዚያ በኋላ የተፈጸመው ውሉና የሲቪል ማኅበረሰቡ እንዴት እንደሚተራረሙ ያሳያል። የኢኮዋስ ሸምጋዮች ያቀረቡት ረቂቅ ለመፈንቅለ መንግሥቱ ፈጻሚዎች ምሕረት ይሰጥ ነበር። የቡርኪና ፋሶ የሲቪል ማኅበራት ይህ ጥፋትን መሸለም ነው ብለው ረቂቁን ተቃወሙ። መደበኛው ጦር ከየክፍለ ሀገሩ ወደ ዋና ከተማው ሲዘምት የልዩ ዘቡ አቋም ላላ። ሴፕቴምበር 23 ቀን ካፋንዶ ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ፤ ኖቬምበር 29 ቀን ምርጫ ተካሄደ። ዲየንዴሬ በ2019 የ20 ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው።

ጋምቢያ፣ 2016 እና 2017

ያህያ ጃሜህ በ1994 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ከያዙ 22 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጋምቢያውያን ድምፅ የሚሰጡት በወረቀት ሳይሆን በብይ ነው። እያንዳንዱ ዕጩ በቀለሙና በፎቶግራፉ የተለየ በርሜል አለው፤ መራጩ ብይዋን ሲጥል በውስጡ ያለው ደወል አንድ ጊዜ ይጮኻል። ዲሴምበር 1 ቀን 2016 በተካሄደው ምርጫ ድምፁ በየጣቢያው በተወካዮችና በታዛቢዎች ፊት ተቆጠረ። ይህ ወሳኝ ሆነ፤ ውጤቱ ወደ ማዕከል ከመድረሱ በፊት በየሰፈሩ ታውቆ ነበር።

የተቃዋሚዎች የጋራ ዕጩ አዳማ ባሮ 227,708፣ ጃሜህ ደግሞ 208,487 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 19,221 ነበር። ጃሜህ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ቀርበው ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፤ ዲሴምበር 9 ቀን ግን ቃላቸውን አጥፈው ውጤቱን እንደማይቀበሉ ተናገሩ። አቤቱታ ያቀረቡበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የተሟሉ ዳኞች ስላልነበሩት ጉዳዩን ለወራት ሊሰማ አይችልም ነበር።

በሀገር ውስጥ የጠበቆች ማኅበር፣ የመምህራን ማኅበርና ሌሎች የሙያ ማኅበራት ተራ በተራ መግለጫ አወጡ። «ጋምቢያ ወስናለች» የሚለው መፈክር በቲሸርትና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ። የምርጫ ኮሚሽኑ ሊቀመንበር በውጤቱ ጸኑ። ይህ ሁሉ ጎረቤቶች ሊጠቅሱት የሚችሉ ማስረጃ ነበር፤ ጉዳዩ የውጭ ጣልቃ ገብነት ሳይሆን የሕዝቡን ውሳኔ ማስፈጸም መሆኑን ያሳያልና።

ዲሴምበር 13 ቀን የላይቤሪያ፣ የናይጄሪያ፣ የሴራሊዮንና የጋና ፕሬዚዳንቶች ባንጁል ገቡ። ከእነሱ መካከል የጋናው ጆን ድራማኒ ማሃማ በዚያው ሰሞን በሀገራቸው ምርጫ ተሸንፈው ሽንፈታቸውን የተቀበሉ ነበሩ። ሽምግልናው አልተሳካም። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት ከጃንዩዌሪ 19 ቀን 2017 ጀምሮ ለጃሜህ ዕውቅና እንደማይሰጥ አስታወቀ። በዚያ ቀን ባሮ በዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤትም በውሳኔ ቁጥር 2337 ኢኮዋስን ደገፈ። የምዕራብ አፍሪካ ጦር ድንበር ተሻገረ። በመጨረሻ የጊኒው አልፋ ኮንዴና የሞሪታኒያው ሞሐመድ ኡልድ አብደል አዚዝ ጃሜህን አግባብተው፣ ጃንዩዌሪ 21 ቀን ከሀገር ወጡ።

አይቮሪኮስት በአሩሻ ፍርድ ቤት

ውሉን ለማስከበር ሁልጊዜ ጦር አያስፈልግም። የሰብአዊ መብት ጥበቃ እርምጃ (በፈረንሳይኛ ምሕጻሩ አፔዴአሽ) የተባለ የአይቮሪኮስት ማኅበር፣ የሀገሩ የምርጫ ኮሚሽን ሕግ ለመንግሥት ወገን ያደላ ነው ሲል በአሩሻ ታንዛኒያ በሚገኘው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 18 ቀን 2016 ለማኅበሩ ፈረደ። ቻርተሩ የሰብአዊ መብት ሰነድ መሆኑን፣ በመሆኑም ዜጎች በፍርድ ቤት ሊጠቅሱት እንደሚችሉ ወሰነ፤ መንግሥትም ሕጉን እንዲያሻሽል አዘዘ። መንግሥት በ2019 ሕጉን ቢያሻሽልም የኮሚሽኑ ገለልተኝነት ማከራከሩን ቀጥሏል።

ይህ በር ግን እየጠበበ መጥቷል። ማኅበራትና ግለሰቦች በቀጥታ መክሰስ የሚችሉት መንግሥታቸው ይህን የሚፈቅድ ልዩ መግለጫ ከሰጠ ብቻ ነው። ሩዋንዳ በ2016፣ ታንዛኒያ በ2019፣ ቤኒንና አይቮሪኮስት በ2020 መግለጫቸውን አንሥተዋል።

ውሉ ያልሠራባቸው አጋጣሚዎች

የሥልጣን ዘመን ገደብ

በሜይ 2015 የኢኮዋስ መሪዎች በአክራ ተሰብስበው ማንኛውም ፕሬዚዳንት ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ እንዳይቆይ የሚከለክል የጋራ ደንብ ቀርቦላቸው ነበር። ጋምቢያና ቶጎ ስለተቃወሙ ሐሳቡ ወደቀ።

የዚህ ክፍተት ዋጋ ጊኒ ላይ ታየ። ጃሜህ ከሥልጣን እንዲወርዱ ያግባቡት አልፋ ኮንዴ፣ በ2020 የራሳቸው ሁለተኛና የመጨረሻ የሥልጣን ዘመን ሊያልቅ ሲል አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡ። የሲቪል ማኅበራትና ተቃዋሚ ፓርቲዎች የመሠረቱት ሕገ መንግሥቱን የመከላከል ብሔራዊ ግንባር ለወራት ሰልፍ ጠራ፤ በግጭቱ ብዙ ሰዎች ተገደሉ። ማርች 22 ቀን ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፤ ኦክቶበር ላይ ኮንዴ ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ። ኅብረቱም ኢኮዋስም ሀገሪቱን አላገዱም። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2021 ወታደሮች ኮንዴን ሲያስወግዱ ግን ሁለቱም ድርጅቶች በቀናት ውስጥ አገዷት። የድርጅቶቹ እርምጃ በቻርተሩ መሠረት ትክክል ነበር። ሆኖም በኮናክሪ ጎዳናዎች ወታደሮቹን በደስታ የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያ ሕዝብ ዓይን ውሉ ከአንድ ዓመት በፊት ተኝቶ የነበረ ነው። በተራው ወታደራዊው መንግሥት በ2022 ያንኑ ግንባር አፈረሰው።

ተቃራኒው ምሳሌ ኒጀር ናት። በ2009 ፕሬዚዳንት ማማዱ ታንጃ ምክር ቤቱንና የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን በትነው የሥልጣን ዘመናቸውን የሚያራዝም ሕዝበ ውሳኔ ሲያካሂዱ ኢኮዋስ ሀገሪቱን አግዷል። ይህም ፍላጎቱ ካለ በሕግ ስም የሚደረግን ጥሰትም መቅጣት እንደሚቻል ያሳያል።

የሳህል መፈንቅለ መንግሥታት

በኦገስት 2020 እና በሜይ 2021 በማሊ፣ በ2022 ሁለት ጊዜ በቡርኪና ፋሶ፣ በጁላይ 2023 በኒጀር ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ኢኮዋስ በጃንዩዌሪ 2022 በማሊ፣ በጁላይ 2023 ደግሞ በኒጀር ላይ ከባድ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ። ድንበር ተዘጋ፤ ናይጄሪያ ለኒጀር የምትሸጠውን ኤሌክትሪክ አቋረጠች። ኢኮዋስ በኒጀር ጦር እጠቀማለሁ ብሎ ቢያስጠነቅቅም አልፈጸመውም።

ከጋምቢያ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። በጋምቢያ ሀገሪቱ ትንሽ ናት፤ ከባሕሩ በኩል በቀር ዙሪያዋን በሴኔጋል የተከበበች ናት፤ አዲስ የተመረጠ ፕሬዚዳንት ነበር፤ የሙያ ማኅበራቱም ከእሱ ጎን ነበሩ። በሳህል ግን በታጣቂዎች ጥቃት የተሰላቸ ሕዝብና ልምድ ያለው ጦር ነበር፤ ማዕቀቡም የመታው ከመሪዎቹ ይልቅ ነጋዴውንና በሽተኛውን ነው። ሦስቱ ሀገራት በሴፕቴምበር 2023 የራሳቸውን ጥምረት መሥርተው በጃንዩዌሪ 2024 ከኢኮዋስ እንደሚወጡ አስታወቁ። መውጣታቸው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጃንዩዌሪ 29 ቀን 2025 ጸና። በ2015 መፈንቅለ መንግሥትን የተቋቋመው የቡርኪና ፋሶ የሲቪል ማኅበረሰብም ተዳከመ፤ ከባሌ ሲቷያ መሥራቾች አንዱ የሆኑ ጠበቃ በጃንዩዌሪ 2024 ታሥረዋል።

የመወዳደር ክልከላው

የመፈንቅለ መንግሥት መሪዎች በተከታዩ ምርጫ እንዳይወዳደሩ የሚከለክለው ድንጋጌም ወጥ በሆነ መንገድ አልተፈጸመም። በማዳጋስካር ከ2009 ቀውስ በኋላ የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብ ባደረገው ግፊት ሁለቱም ተቀናቃኞች፣ አንድሬ ራጆሊና እና ማርክ ራቫሎማናና፣ በ2013 ምርጫ አልተወዳደሩም። በግብፅ ግን ከ2013ቱ ለውጥ በኋላ ጦሩን ይመሩ የነበሩት አብደል ፋታህ አል-ሲሲ ተወዳድረው ተመረጡ፤ ኅብረቱም በ2014 እገዳውን አነሣ። ቻድ በ2021 ከነጭራሹ አልታገደችም፤ የሽግግሩ መሪ ማሐማት ዴቢ በ2024 ተወዳድረው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጋቦንም በኦገስት 2023 ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ብሪስ ኦሊጊ ንጌማ በኤፕሪል 2025 ተመርጠዋል።

ኢትዮጵያና ቻርተሩ

ቻርተሩ የጸደቀው በአዲስ አበባ ሲሆን ኢትዮጵያም በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2008) ቀድመው ካጸደቁት ሀገራት አንዷ ሆናለች። የአንቀጽ 12 ጥያቄ፣ ማለትም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚሠሩበት ምቹ ሁኔታ፣ በኢትዮጵያ ሕግ ሁለት የተለያዩ መልሶች አግኝቷል። በዚያው በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ሀገር ምንጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት፣ በዴሞክራሲና በመሰል ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አንሥቷል። በሁለቱ አዋጆች መካከል ያለው ልዩነት ለቻርተሩ አፈጻጸም ትርጉም አለው፤ ምርጫን የሚታዘብ፣ ሕግን የሚመረምርና ማስረጃ የሚሰበስብ የሀገር ውስጥ ማኅበር በሌለበት የአንቀጽ 23 ጥሰት መፈጸሙን የሚመሰክር ገለልተኛ ወገን አይኖርምና።

አፈጻጸሙን የሚወስኑ ነገሮች

ከላይ የተዘረዘሩት አጋጣሚዎች ሲነጻጸሩ ቻርተሩና መሰል የአካባቢ ውሎች ውጤት የሚያስገኙት የሚከተሉት ነገሮች በተሟሉ ቁጥር እንደሆነ ይታያል፦

- የጥሰቱ ማስረጃ የማያሻማ ሲሆን፤ በጋምቢያ በየጣቢያው የተቆጠረው ድምፅ እንዲህ ያለ ማስረጃ ነበር።
- በሀገር ውስጥ የተደራጁ ማኅበራት ጥሰቱን በይፋ ሲናገሩና አህጉራዊ ድርጅቱ ሲያመነታ ሲገፋፉት፤ ቡርኪና ፋሶ በ2015 ለዚህ ምሳሌ ናት።
- ቅጣቱ በሕዝቡ ላይ ሳይሆን በጥፋተኞቹ ላይ ሲያርፍ።
- ጎረቤት መሪዎች በሌላው የሚያስፈጽሙትን ደንብ በራሳቸው ሀገር የሚያከብሩ ሲሆኑ።

አራተኛው ነገር ከሁሉም የከበደ ሆኖ ታይቷል። በቻርተሩ መሠረት ስለ ጥሰት የሚወስኑት መሪዎች ራሳቸው በውሉ የሚዳኙ ናቸው፤ ነገ በእነሱ ላይ ሊጠቀስ የሚችልን ቃል ዛሬ በሌላው ላይ ለመጥቀስ ይቸገራሉ። በዚህ ምክንያት አምስተኛው የጥሰት ዓይነት ከተጻፈ ጀምሮ ብዙም ሳይነካ ቆይቷል። ድንጋጌውን በተደጋጋሚ ያነሡት በአብዛኛው የዜጎች ማኅበራት፣ ጠበቆችና ወጣቶች ናቸው።